ፎርማሊን ውስጥ ያቆየሁት የበግ አንጀት ጎማ ሆነብኝ፤ ለስፌት ልምምድ ምን ይሻላል?

ኢንተርኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እጄ እንዲፈታ ቤቴ በበግ አንጀት የቀዶ ሕክምና ስፌት እለማመዳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ የሰፈራችን ሉካንዳ ይዘጋል። 55 ቀን ሙሉ ላለማቆም ብዬ በቅበላ ከታረደው በግ አንጀቱን አጥቤ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ ነከርኩት። በሳምንቱ ሳወጣው ነጥቶ ድርቅ ብሏል። ዳሩን ወደ ውስጥ ልገልብጠው ስል እንደ ካርቶን ተመልሶ ይቆማል፤ መርፌዬም ተጣመመ። ሽታው ዐይን ያቃጥላል። ባለፈው ወር የአንድ አባት ቆዳ እንድሰፋ ሲፈቀድልኝ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ እሳቸውም አይተውታል። ያ እንዲደገም አልፈልግም። እባካችሁ ምከሩኝ።

ሰርጀኑ፦
እህቴ፣ ፎርማሊን ፕሮቲኑን እርስ በርሱ ያስረዋል፤ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ለናሙና ምርመራ፣ ደግ ነው፣ ለስፌት ግን አይሆንም። ፍሪዘር ይሻልሻል። አጥበሽ ስንዝር ስንዝር ቁረጪው፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) በነካ ጎዝ (የቁስል ሻሽ) ጠቅልይው፣ በትንንሽ ፌስታል አየሩን አስወጥተሽ እሰሪው። ለልምምዱ ዋዜማ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂው፣ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። አንዴ የቀለጠውን መልሰሽ አታቀዝቅዢ፣ ይላላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዱን ቁራጭ ገልብጠሽ ውስጡን በቢላ ጀርባ ፋቂው። ሙኮሳው (የውስጠኛው ልስልስ ሽፋን) ተልጦ ሲወጣ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይቀራል፤ ጎትቺው፣ በቀላሉ አይበጠስም። ሰብሙኮሳ ይህ ነው። ካትገት የሚባለው ክር ከበግ አንጀት የሚሠራውም ከዚሁ ሽፋን ነው። አሜሪካዊው ሰርጀን ሃልስቴድ በ1887 እ.ኤ.አ. በውሾች አንጀት ሠርቶ ስፌቱን የሚይዘው ይህ ሽፋን መሆኑን አሳይቷል። መርፌሽ እሱን ሲያገኝ ትንሽ ይከብድሻል። ፎርማሊን የነካው አንጀት ሁሉም ቦታ ስለሚከብድ ይህን ስሜት አያስተምርሽም።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ከምግብ ጋር አታስቀምጪ፣ ጓንት አድርጊ፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን አትናቂ። በመርፌ ከተወጋሽ በሳሙና ታጥበሽ ለሐኪም አሳይ። የሚቻል ከሆነ በቄራ የተመረመረ ይሁን።

ሬዚደንቱ፦
ሳይደርቅ የሚያቆይ ዘዴም አለ፤ ቲል የተባለ የግራዝ (ኦስትሪያ) አናቶሚስት በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው። ብዙ ጨውና ኬሚካል ስለሚፈልግ ግን የቤት ሥራ አይደለም።

ኢንተርኗ፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራቅ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት አንጀት አግኝቼ እንዳሉኝ አደረግሁ። ትናንት ማታ ሁለቱን ጫፍ በ3-0 ቪክሪል (ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ክር) ገጠምኩ። ሰብሙኮሳውን ሳገኘው በእጄ ታወቀኝ! ቀለም ያለው ውሃ ስሞላበት ግን በሜሴንተሪው (አንጀቱን ደግፎ የሚይዘው ስባም ሽፋን) በኩል ጠብ ጠብ አለ። ምን አጠፋሁ?

ሰርጀኑ፦
አብዛኛው ሰው የሚያፈስሰው እዚያው ጋ ነው፤ ስቡ ዳሩን ይሸፍነዋል። ግማሽ ሴንቲ ያህል ስቡን ግለጪና የመጀመሪያውን ስፌት እዚያ ጣይ፤ ሌላውን በኋላ። ነገ ማታ ደግመሽ ውሃ ሙይበትና ንገሪኝ።