የሲዲና የዲቪዲ ቀለማት፦ ቀዩ ለምን ከሁሉም ርቆ ይወድቃል?

የከዚራው ሙዚቃ ቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሙዚቃ መሸጫ ነበረኝ። ሰው ዘፈን በስልኩና በፍላሽ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ሱቁን ዘግቼ ሌላ ሥራ ይዣለሁ፤ ያልተሸጡት ሲዲዎችና ዲቪዲዎች ግን እስካሁን በካርቶን ተከምረው ቤቴ ይገኛሉ። ሰሞኑን የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ሲዲ አውጥታ፣ በመስኮታችን መዝጊያ ቀዳዳ ከምትገባው ቀጭን የጠዋት ፀሐይ ፊት ስትይዘው፣ ግድግዳው ላይ አንድ ደማቅ ነጭ ነጥብ፣ ከእርሱም ፈንጠር ብሎ እንደ ቀስተ ደመና የተዘረጋ ቀለም ታየን።

ከዚያ በኋላ ልጄ በጥያቄ አስጨነቀችኝ። ዲስኩ ራሱ ቀለም የሌለው ሆኖ ሳለ ቀለሙ ከየት መጣ? በመጽሐፏ ላይ በፕሪዝም (ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት) ውስጥ ያለፈ ብርሃን ሲበተን ከሁሉ አብልጦ የሚታጠፈው ሐምራዊው፣ ከሁሉ ያነሰ የሚታጠፈው ደግሞ ቀዩ እንደሆነ ተጽፏል፤ በእኛ ግድግዳ ላይ ግን ሐምራዊው ለነጩ ነጥብ ቀርቦ፣ ቀዩ ከሁሉ ርቆ ነው የወደቀው። ሲዲውን በዲቪዲ ስንተካው ደግሞ ቀለማቱ እጅግ ተራርቀው ቀዩ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ አረፈ። ሁለቱ ዲስኮች በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ምክንያቱን የምታውቁ ብታስረዱን በእኔም በልጄም ስም አመሰግናለሁ።

የሳቢያን ቴክኒሻን

ወንድሜ፣ ይህ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ አስፋልት ላይ በፈሰሰ ናፍጣ ላይ ከምናየው ቀለም የተለየ አይመስለኝም። ዲስኩ ላይ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው ቀለሙን የሚያመጣው። የሲዲና የዲቪዲ ልዩነትም ከሽፋኑ ውፍረት የመጣ ይሆናል።

የፊዚክስ መምህር፣ ሐረር

የሳቢያኑ ወንድማችን ያነሡት ናፍጣ የቅርብ ዘመድ እንጂ ያው ነገር አይደለም። የናፍጣው ቀለም ከስሱ ሽፋን የላይኛውና የታችኛው ገጽ ተመልሰው ከሚገናኙ ሞገዶች የሚመጣ ስለሆነ የሚወሰነው በውፍረቱ ነው። የሲዲው ፕላስቲክ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ለዚህ ዓይነቱ ቀለም እጅግ ወፍራም ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ከፕላስቲኩ ሥር የተቀረጸው መስመር ነው።

የካሴት ክር ተጠምጥሞ እንደሚቀመጥ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። በሲዲም ላይ ያለው መረጃ ከመሃል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ጠርዝ በሚሄድ አንድ መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ይህ መስመር ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1,600 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ስለሆነ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ 625 መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል ማለት ነው። እንዲህ እኩል ተራርቀው የተደረደሩ መስመሮች ያሉት ገጽ በፊዚክስ ዲፍራክሽን ግሬቲንግ ይባላል። የሲዲው ሠሪዎች ቀለም ለማሳየት አስበው አልነበረም፤ ነገር ግን የመረጡት ርቀት ለብርሃን የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ላለው ርቀት) የቀረበ በመሆኑ ሳይፈልጉት ጥሩ ግሬቲንግ ሠርተዋል።

ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ መስመር ብርሃኑን በየአቅጣጫው መልሶ ይረጫል። ጥያቄው ከእነዚህ ሁሉ መስመሮች የተነሡት ሞገዶች በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ ወይስ ይጠፋፋሉ የሚለው ነው። በደቻቱ አሸዋ ጎማው የተቀበረ መኪና ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ያስቡ። ሁሉም «ሆ!» ብለው አንድ ላይ ከገፉ መኪናው ይወጣል፤ ግማሹ ሲገፋ ግማሹ ወደ ኋላ ቢስብ ግን ስንት ሰው ላቡን ቢያፈስ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የአንዱ ሞገድ አናት ከሌላው አናት ጋር ሲገጥም ብርሃኑ ይደምቃል፤ አናቱ ከሌላው ስርጉድ ጋር ሲገጥም ግን ጨለማ ይሆናል።

ብርሃኑ ዲስኩ ላይ ቀጥ ብሎ ቢወድቅ፣ ቀጥ ብሎ በሚመለስበት አቅጣጫ የሁሉም መስመሮች ሞገዶች እኩል መንገድ ስለሚጓዙ ሁሉም ቀለማት ባንድነት ይደጋገፋሉ፤ ነጩ ነጥብ ይኸው ነው። ወደ ጎን ዘንበል እያልን ስንሄድ ግን የአንዱ መስመር ሞገድ ከጎረቤቱ ይልቅ ረዘም ያለ መንገድ ይጓዛል። ይህ ልዩነት ልክ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ሲሆን አናት ከአናት እንደገና ይገጥማል፤ የሐምራዊ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 400 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ጥቂት ዘንበል ማለት ይበቃዋል፤ 650 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ቀይ ግን ያን ያህል የመንገድ ልዩነት ለማግኘት የበለጠ መዘንበል አለበት። ቀዩ ርቆ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። በቁጥር ለማየት የሞገዱን ርዝመት በመስመሮቹ ርቀት ማካፈል የማዕዘኑን ሳይን ይሰጣል፦ ለሐምራዊው 400 ሲካፈል ለ1,600 ወይም 0.25፣ ማዕዘኑም 14.5 ዲግሪ፤ ለቀዩ 0.406፣ ማዕዘኑም 24 ዲግሪ ነው።

ፕሪዝም ከዚህ ፈጽሞ በተለየ መንገድ ይሠራል። በመስተዋት ውስጥ ሐምራዊ ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ይዘገያል፤ ይበልጥ የዘገየው ይበልጥ ይታጠፋል። ስለዚህ የልጅዎ መጽሐፍም ግድግዳዎም አልተሳሳቱም።

በዲቪዲ ላይ የመስመሮቹ ርቀት 740 ናኖሜትር ብቻ ነው። ያንኑ ስሌት ብንደግመው ሐምራዊው ወደ 33 ዲግሪ፣ ቀዩ ደግሞ ወደ 61 ዲግሪ ይሄዳል፤ ጎን ግድግዳው ላይ ማረፉ አያስደንቅም። ከዚህ ሌላ ሲዲው የመንገዱ ልዩነት ሁለት ሙሉ የሞገድ ርዝመት በሚሆንበት አቅጣጫ ሁለተኛ ቀስተ ደመና ያወጣል። ዲቪዲው ግን ቀጥ ብሎ ለወደቀ ብርሃን ሁለተኛ የለውም፤ የሐምራዊው እጥፍ 800 ናኖሜትር ከ740 ስለሚበልጥ፣ ሳይኑ ከ1 የሚያልፍ ማዕዘን ደግሞ የለም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ሁለት መስመር ብቻ ቢኖርስ? ያን ጊዜም ቀለም ይኖራል፤ ግን የደበዘዘና የተቀላቀለ ይሆናል። ወደ መኪናው እንመለስ። እያንዳንዱ ገፊ እየገፋና ወደ ኋላ እየሳበ ሲመላለስ፣ ከጎረቤቱ በአንድ ዙር (አንዴ ገፍቶ አንዴ እስኪስብ ባለው ጊዜ) መቶኛ ብቻ ቢዘገይ፣ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ስሕተቱ አይታወቅም፤ በመቶ ሰዎች ረድፍ ግን የመጀመሪያው ሲገፋ 51ኛው ልክ በተቃራኒው ይስባል፣ 2ኛው ከ52ኛው፣ 3ኛው ከ53ኛው ጋር እንዲሁ ይጣፋሉ። ስለዚህ መስመሮቹ በበዙ ቁጥር ከትክክለኛው ማዕዘን በጥቂቱ የሳተ ብርሃን ሁሉ ይጠፋል፤ ቀለማቱም ጠርተው ይለያያሉ።

አደራ፣ የፀሐይዋን ነጭ ነጸብራቅ ልጅዎ በቀጥታ በዓይኗ እንዳታይ፤ ግድግዳ ላይ ብቻ ይመልከቱት።

የከዚራው ሙዚቃ ቤት (ጠያቂ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ትናንት ማታ ከመጋላ የገዛናትን ቀይ ሌዘር ይዘን ሞከርነው፤ ጀርባዋ ላይ 650 ናኖሜትር ተብሎ ተጽፏል። ነጭ ካርቶን መሃሉን በስተን ሌዘሩን በቀዳዳው አሳለፍንና፣ ከካርቶኑ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ በቆመው ሲዲ ላይ አሳረፍነው፤ የተመለሰው ነጥብ ቀዳዳው ላይ እስኪወድቅ ድረስም ሲዲውን አቃናነው። ቀለም የለም፤ በግራና በቀኝ ግን አንዳንድ ቀይ ነጥብ ወጣ። ከቀዳዳው እስከ ነጥቡ 22 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ለካን። ልጄ አስልታ የመስመሮቹን ርቀት 1,584 ናኖሜትር አገኘች። በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ እዚህ መድረስ ይቻላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ሲዲው ስላዘመመ የግራውና የቀኙ ርቀት አልተመሳሰለም፤ የሚሞክር ሰው ይህን ይጠንቀቅ።

የምሕንድስና ተማሪ

መምህር ስለ አመጣጡ ስላላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። በ1785 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን የተባለ ሰው የሐር መሐረብ ዓይኑ ፊት ዘርግቶ ራቅ ያለ የመንገድ ፋኖስ ሲያይ ጥቋቁር መስመሮች ታዩት፤ መሐረቡን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢያንቀሳቅሰው መስመሮቹ ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ግራ ገብቶት የሥነ ፈለክ አዋቂውን ዴቪድ ሪተንሃውስን ጠየቀው፤ እርሱም በሁለት ጥርሰ ደቃቅ ብሎኖች መካከል ፀጉር እየወጠረ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ግሬቲንግ ሠራ። ከዚያ በ1821 ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ቀጫጭን ሽቦ ወጥሮ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት በቁጥር ለካ።

ጨው እሳት ላይ ስንበትን የምናየው ቢጫ የሶዲየም ብርሃን 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር የሆኑ ሁለት ቀለማት ናቸው። እነዚህን ለይቶ ለማሳየት አንድ ሺህ ያህል መስመሮች ባንድነት መሥራት አለባቸው፤ መምህር በገፊዎቹ ረድፍ ያስረዱን ነገር በቁጥር ሲገለጽ ይህ ነው። የከዚራው ወንድማችንም ሌሊት በየመብራቱ ቢሞክሩት መልካም ነው፤ ሁሉም ነጭ መብራት አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም።

የሳቢያን ቴክኒሻን

ስለ ናፍጣው ተሳስቻለሁ፤ መምህር ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። እኔም ዛሬ ማታ ሱቄ ውስጥ አንድ ዲቪዲ ይዤ መብራቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። በረጅሙ ፍሎረሰንት ሥር ቀለማቱ እርስ በርስ ሳይያያዙ፣ አረንጓዴው ለብቻው፣ ሰማያዊው ለብቻው ቆመው ታዩኝ። በአዲሱ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ግን ከአረንጓዴ እስከ ቀይ የተያያዘ ነው፤ ሰማያዊውና አረንጓዴው መካከል ብቻ ደብዘዝ ያለ ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት የአምፖሉ ጉድለት ነው ወይስ አሠራሩ?

የፊዚክስ መምህር፣ ሐረር

አሠራሩ ነው። አምፖሉ ውስጥ ያለው ኤልኢዲ በራሱ የሚያወጣው 450 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫማ ዱቄት ከዚያ የተወሰነውን ውጦ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ያለውን መልሶ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀለም በደንብ የሚያወጣ አካል የለም። በፍሎረሰንቱ ያዩት አረንጓዴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 546 ናኖሜትር ላይ የሚወድቀው የሜርኩሪ መስመር ነው። የከዚራው ወንድማችን በሌዘር ያደረጉትን ስሌት ገልብጠው፣ የዲቪዲውን 740 ናኖሜትር ይዘው ማዕዘኑን ቢለኩ ወደ 47 ዲግሪ ተኩል ያገኙታል።