መጽሔታችን በስልክ አልነበብ አለ፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኦንላይን መጽሔት አዘጋጅ ነኝ። ጽሑፎቻችን ብዙ ተለፍቶባቸዋል፤ ድረ ገጹ ግን አንባቢ ያባርራል። ትናንት እህቴ ስልኳ ላይ ስትከፍተው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ብዙ ጠበቀች። ገና ማንበብ ስትጀምር «ይመዝገቡ» የሚል ፖፕአፕ መጥቶ ስክሪኑን ሸፈነው። መዝጊያዋ ኤክስ በጣም ትንሽ ናት። ሦስቴ ነክታ ሳተቻት፤ በአራተኛው ማስታወቂያ ተከፈተባት። «በቃ፣ በኋላ አነበዋለሁ» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። በጣም አዘንኩ። ዲዛይኑን ከነጭራሹ እንቀይረው ወይስ እያስተካከልን እንሂድ?

መልስ 1፦ ከነጭራሹ አትቀይሩት። እህትየዋ ግማሹን መልስ ሰጥታችኋለች። ፖፕአፑን ዛሬውኑ አንሱት፤ ምዝገባውን ከጽሑፉ ግርጌ አድርጉት። የሚመዘገበው አንብቦ የወደደ ሰው ነው። በጣት ለሚነካ ነገር ደግሞ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይላል፤ በከፍተኛው ደረጃ 44 በ44። እኔ 44ቱን ነው የምመክረው።

መልስ 2፦ ፎቶዎቹን ፈትሹ። ከካሜራ እንደወጣ የሚጫን ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነው። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዳችሁ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የምስል ፎርማት አስቀምጡት፤ በጣም ይቀላል። ታች ያሉት ምስሎች አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ ይጫኑ። ጉግል ጥሩ የሚለው ገጹ ሲከፈት የሚታየው ትልቁ ይዘት (ለምሳሌ ዋናው ፎቶ) በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው የጉግል የፍጥነት መለኪያ በነፃ ይለካላችኋል።

መልስ 3፦ እኔን የሚያሳስበኝ ንባቡ ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው። ሲደቅቅ «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ። ከ18 ፒክስል ጀምሩ፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ስጡ። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ተዉ፤ የጽሑፉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን።

ሌላው ብዙዎች የሚረሱት ፍለጋው ነው። እናንተ «ፀሐይ» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ውጤቱ «ምንም አልተገኘም» ነው። ሰውየውም እውነት የሌላችሁ ይመስለዋል። ፕሮግራመራችሁ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነእርባታቸው ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ ይቁጠራቸው። የታተመው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ሜኑአችንስ? 14 ዓምድ አለን፤ «መስኮት»፣ «ጥላ»፣ «ማዕዘን» የሚሉ ስሞች ያሏቸው።

መልስ 1፦ ስሞቹ ያምራሉ፤ ግን ምን እንደያዙ አይናገሩም። «ቃለ መጠይቅ»፣ «ግጥም»፣ «ጤና» በሏቸው። ከዚያ 5 ሰው ጠርታችሁ «እስቲ አንድ ግጥም ፈልጉ» በሏቸው፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. እንደጻፈው በ5 ሰው አብዛኛው ችግር ይወጣል።

ጠያቂ፦ ፖፕአፑን አሁን አነሳሁት። «ጸሀይ» ብዬም ፈለግኩ፤ እውነትም ምንም አላመጣም። ሁለት ጽሑፍ እንዳለን አውቃለሁ። ነገ ከፍለጋው እንጀምራለን።