በዚብራፊሽ (ለምርምር የምትውል ትንሽ ዓሣ) ፅንስ የመጀመሪያ ክፍፍል ላይ የካልሲየም ብልጭታ ለምን አይታይም?

ጥያቄ፦ ሰላም። ፅንሱ ባለ አንድ ሕዋስ ሳለ 100 ፒኮግራም የጂካምፕ6ኤስ (ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ጠቋሚ ፕሮቲን) ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ) በ1 ናኖሊትር እወጋለሁ፤ ሙቀቱ 28.5 ዲግሪ ነው። 45ኛው ደቂቃ ላይ ለሁለት ሲከፈል ጨለማ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ያበራል። ውሃው ላይ ካልሲየም ልጨምር?

መልስ 1፦ ካልሲየሙ አለ፣ የጎደለው ጠቋሚው ነው። ኤምአርኤንኤው ወደ ፕሮቲን መተርጎም፣ ፕሮቲኑም መታጠፍና የሚያበራ ክፍሉን ማብሰል አለበት፤ 45 ደቂቃ አይበቃውም። ለመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች ከዴክስትራን (ትልቅ የስኳር ሞለኪውል) ጋር የተጣበቀ የካልሲየም ግሪን ቀለም ውጉ። ዴክስትራን የሌለው ቀለም ወደ ሕዋሱ ከረጢቶች እየገባ ይደበቃል።

መልስ 2፦ ውሃውን ተዉት። ሕዋሱ በሚሰረጉድበት መስመር ላይ የሚታየው ሞገድ በዋናነት ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከሚያከማች መረብ)፣ አይፒ3 በተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል በሚከፈቱ ተቀባይ ቦዮች በኩል የሚለቀቅ ነው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ባፕታን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ውጉ፤ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ስርጉዱ ይስተጓጎላል። እነዚህን ቦዮች የሚያግደው 2-ኤፒቢ የተባለ ኬሚካልም ይሠራል፣ ግን ሌሎች ቦዮችንም ስለሚነካ በሱ ብቻ አትደምድሙ።

መልስ 3፦ መጠኑንም ለኩ፦ ማዕድን ዘይት ውስጥ የተረጨች ጠብታ 125 ማይክሮሜትር ስፋት ካላት 1 ናኖሊትር ናት። 250 ከሆነች 8 እጥፍ ሆነ ማለት ነው! የመርፌው ጫፍ ተሰብሮ ሲሰፋ የሚመጣ ነው። ቀለሙንም አስኳሉ (የፅንሱ የምግብ ክምችት) ውስጥ ሳይሆን ሕዋሱ ውስጥ አድርጉት፤ አስኳል ራሱ ስለሚያበራ ደካማውን ምልክት ይውጠዋል።