በጦርነት «የሚያተርፍ» ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ከ«ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን»፣ ከአሜሪካኑ የጠፈር ተከታታይ ድራማ፣ አንድ ክፍል ለታናሽ ወንድሜ ወደ አማርኛ እየመለስኩለት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታየው «ቢዝነስ አዝ ዩዡዋል» (Business as Usual)፣ የመሣሪያ ንግዱ። ላላያችሁት፣ በአንድ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ኳርክ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ዕዳ አንገቱ ድረስ ይደርሳል። ዘመዱ ጌይላ ከተፍ ብሎ ሃጋት ከሚባል መሣሪያ ነጋዴ ጋር ያገናኘዋል። ኳርክ ደንበኛ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፣ መሣሪያውን በምስል እያሳየ ያሻሽጣል። ዕቃው ራሱ ወደ ጣቢያው ዝር አይልም።

በጦርነት ኪሱን የሚያደልብን ሰው «የጦርነት አትራፊ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ አንብቦ «ከጦርነት የተረፈ ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ፊደል ቆጣሪው፦
ልጁ ጆሮ አለው። ሥሩ አንድ ነው እኮ። ሐኪሙ ልጁን አተረፈው እንላለን፣ ነጋዴው መቶ ብር አተረፈ እንላለን። ከዚያው ቤት ትርፍ አንጀት አለ፣ ትርፍራፊ አለ፣ ትርፍ የጫነ ታክሲ አለ። ትርፍ ነገር ተናግሮ የተጣላም ሞልቷል። «አትራፊ» ብቻውን ስድብ አይደለም። ዘንድሮ አትራፊ ነኝ የሚል ነጋዴ እንዲያውም ይመረቃል።

ስድብ ከፈለግሽ «ሸቀጠ» የሚለውን ያዢ። ጨውና ሳሙና የሚሸቅጥ ምንም አይባልም። በሃይማኖት ሸቀጠ፣ በሰው ደም ሸቀጠ ስትዪ ግን ሰውየውን አዋረድሽው። ለጌይላ «በደም የሚሸቅጥ» ልክክ ይልለታል። ያቺን የመስኮት ቦታ አስታውሺ። ፓላማር የሚባል አገር መሪ 28 ሚሊዮን ሰው መግደያ ይፈልጋል። ኳርክ ይደነግጥና ከፊሉን ማቁሰል ብቻ አይበቃም ወይ ብሎ ይከራከራል። ሰውየው ደንግጦም ዋጋ ከማስቀነስ አልወጣም! ያን ጊዜ ጌይላ መስኮት ጋ ወስዶ ከዋክብቱን ያሳየዋል። ከዚያ ሁሉ ብርሃን አንዷ ድርግም ብትል ማን ልብ ይላል፣ ለዚያውም በዚህ ሁሉ ገንዘብ፣ ነው ነገሩ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም። ዘመድ ዘመዱን ሲመክር ነው የሚመስለው። እኔን ያንገሸገሸኝም እሱ ነው።

«አተረፈ»ን ግን አትጣዪው፣ መጨረሻ ላይ ይጠቅምሻል። ኳርክ የፓላማሩን መሪና ጠላቱን ጄኔራል ሳያውቁ አንድ ክፍል ውስጥ ያገናኛቸዋል፣ ተኩስ ይከፈታል፣ ገበያው ይፈርሳል። ብሩን አጣ፣ ሰዉን አተረፈ።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ለጌይላ እሺ። ሃጋትን ግን በደፈናው ሸቃጭ ማለት ይከብደኛል። ነገሩ ሲነቃ የሚሟገትለት የጣቢያው ጎረቤት ዓለም የቤጆር መንግሥት ነው። ለምን? ካርዳሲያን የሚባሉ ወራሪዎች አገራቸውን በያዙ ጊዜ ለአርበኞቹ መሣሪያ ያቀበለው እሱ ነዋ። ለፓላማር ሰው ደም መጣጭ፣ ለቤጆር ሰው ባለውለታ። «መሣሪያ አቀባይ» ብትዪው ሁለቱንም ይይዝልሻል። «አቀባይ» ማንንም አያመሰግንም፣ ማንንም አይሰድብም።

ተረት ካስፈለገሽ ደግሞ «አትርፍ ባይ አጉዳይ» አለልሽ። ሐረር ሄዶ የራምቦን ቤት ያየ ሰው ይገባዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1887 እ.ኤ.አ. 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ በታጁራ በኩል ለምኒልክ ይዞ ሸዋ ገባ። ምኒልክ የዋዛ ገዢ አልነበሩም፣ ዋጋውን ቆረጡበት። የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎች ደግሞ በቀረው ላይ ተረባረቡበት። ከበረሃው ሁሉ እንግልት በኋላ ከሰርኩ እያለ በደብዳቤ አለቀሰ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። «የደም ዋጋ» የሚል እንዳትጽፊ። እሱ በወንጌል የይሁዳ ብር ነው። ከ«ደም ካሳ» ጋርም ይምታታብሻል፤ ካሳ ማስታረቂያ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሃጋት «መሣሪያ አቀባይ»፣ ጌይላ «በደም የሚሸቅጥ» ሆነዋል። የኳርክ ጎሳ ስም ደግሞ ፌሬንጊ ነው። ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፣ በዐረብና በፋርስ በኩል የመጣው የ«ፍራንክ» (ገንዘቡ ሳይሆን የጥንቱ የአውሮፓ ሕዝብ ስም) ዘር። ለወንድሜ ስነግረው በሳቅ ሞተ። ይህን ክፍል ያዘጋጀው ራሱ የጣቢያውን ሐኪም የሚተውነው ሱዳን የተወለደው ሲዲግ ነው፤ እሱ ቃሉ ሳይገባው አይቀርም።

የቀረኝ የክፍሉ ርዕስ ነው። «ንግድ እንደ ወትሮው» ብዬ ነበር፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መሰለብኝ። «ያው ንግድ ነው» ብለውስ?

ፊደል ቆጣሪው፦
«ያው ቢዝነስ ነው» በዪው። የአራዳ ልጅ «ቢዝነስ ሠራ» ሲል ሱቅ ከፈተ ማለቱ አይደለም፣ በጎን አንድ ነገር ቆርጧል ማለቱ ነው። ጌይላ አዲስ አበባ ቢወለድ እንደዚያ ነበር የሚያወራው።