የምንከባከበው ሰው ሲቆጣ ምን እናድርግ?

የሐይቅ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገን። አሜሪካ አዲስ ገብተው በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ሊጀምሩ ያሉ የወሎ እህቶች አሉን። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በድንገት ሲቆጣና ሲማታ ምን ያድርጉ? ሥልጠናው በጥድፊያ ነው የሚያልፈው፤ በቋንቋችን ዘርዘር አድርጉላቸው።

የደሴ ልጅ፦
አብሽሩ እህቶቼ፣ ይለመዳል። መጀመሪያ የሚያስቸግረን የራሳችን ልማድ ነው። አገር ቤት ሰው ሲቆጣ ጠጋ ብለን፣ ትከሻውን ይዘን "ተው በሞቴ" እንላለን። እዚህ ግን የፈራ ሽማግሌ ሲይዙት የታሰረ ይመስለውና ይማታል። ቢያንስ ሁለት እርምጃ ራቁ፤ ጎን ዘንበል ብላችሁ ቁሙ፣ መዳፋችሁ ይታይ። በሩ ለእናንተ ይቅረብ፤ እሱንም ግን መውጫ አትንሱት። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ አጭር ነገር ተናገሩና ዐሥር ሴኮንድ ያህል ጠብቁት፣ ቶሎ አይገባውም። "ተረጋጋ" ማለት ያባብሰዋል። "ልጆቼ የት ሄዱ?" ሲል "አድገዋል እኮ" ብሎ መሟገት ትርፉ ጠብ ነው፤ "ናፈቁህ? እስኪ ስለነሱ ንገረኝ" በሉት። ብዙ ጊዜ ዱላው የሚመጣው ልብስ ሲወልቅና ገላ ሲታጠብ ነው። እንቢ ካለ ተዉት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቢቻል በሌላ ሠራተኛ፣ ይሞከር።

የወልድያ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው፣ ቁጣው በአንድ ቀን ድንገት ከመጣ "ጠባዩ ነው" ብላችሁ አትለፉት። በዕድሜ የገፋን ሰው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ትኩሳት ሳያሳይ ሊያቃዠው ይችላል። ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ባትሪው ያለቀ የመስሚያ መሣሪያም ያስቆጣል። ለነርሷ ወዲያው ንገሩ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ይለካ፤ ከ70 በታች ከወረደና በደንብ የሚውጥ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ።

ቢነክሳችሁ አትሳቡ፣ ሥጋ ይቀደዳል፤ የተነከሰውን እጅ ወደ አፉ ገፋ አድርጉትና ሲለቅ አውጡት። ፀጉር ከጨበጠ እጁን በሁለት እጃችሁ ጭንቅላታችሁ ላይ ተጫኑት፣ መጎተቱ ይቀንሳል። አንጓችሁን ከያዘ በአውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዛችሁ አላቁት። ቆዳ ከተበሳ በሳሙናና በውሃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ስለ አለባበስም ይነገር እንጂ! ሒጃብ በመርፌ ቁልፍ አይያዝ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይግባ። የመታወቂያው ገመድ ሲጎተት የሚላቀቅ ዓይነት ይሁን። ሰው ቤት ስትገቡ ጫማ ማውለቅ ለእኛ አክብሮት ነው፣ ግን በካልሲ መሮጥ አይቻልም፤ ተረከዝ የሚይዝ ንጹሕ የቤት ጫማ ያዙ። መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ። መሣሪያ ካያችሁ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ፣ ውጡና 911 ደውሉ፤ መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ።

ደግሞ "ምስኪን ነው፣ አላህ ያሽረው" ብሎ ዝም ማለት አለ። ዱዓው ይቀጥል፣ ሪፖርቱ ግን በዚያው ፈረቃ ይጻፍ፦ ሰዓቱ፣ ከመማታቱ በፊት የሆነው፣ እናንተ ያደረጋችሁት። "ክፉ ሆነብኝ" ሳይሆን "በቀኝ እጁ ግራ ጉንጬን መታኝ" በሉ። ቅጂ አስቀሩ። ስለ ደኅንነት በመናገራችሁ አሠሪው ቢያባርራችሁ ወይም ሰዓት ቢቀንስባችሁ ለኦሻ (OSHA፣ የሥራ ቦታ ደኅንነትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) አቤት የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ በስልክም ይቻላል።