ማንቆርቆሪያው ኖሪታኬ ይላል፣ ስኒዎቹ ግን ሌላ ምልክት አላቸው፣ የጃፓን ዕቃ የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የጃፓን ሻይ ዕቃ ስብስብ ገዝቼ መለየት አቃተኝ። ማንቆርቆሪያው ስር አረንጓዴ ማህተም አለ፣ የቅጠል ጉንጉን መሃሉ ላይ ኤም የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኖሪታኬ እና ሜድ ኢን ጃፓን ይላል። ስኒዎቹ ግን መያዣ የላቸውም፣ ስራቸው በቀይ ቀለም ሁለት የጃፓን ፊደል ብቻ ነው ያለው አገር አልተጻፈም። ደሞ 5 ናቸው፣ 6ኛው ተሰብሮ ነው እንዴ? ሻጩ ሁሉም 100 ዓመት አልፎታል ብሎኛል።

መልስ፦
እህቴ እንደኔ እንደኔ አንድ ስብስብ አይደለም፣ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው አንድ ላይ የሸጡልሽ። ኤሟ የሞሪሙራ ናት፣ በ1904 ኖሪታኬ የሚባለውን የሸክላ ዕቃ ድርጅት ያቋቋሙት ሰዎች ስም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኤን ተቀየረች። ዕድሜውን በደንብ የሚነግርሽ ግን የአገሩ ስም ነው ምክንያቱም አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የሚገባላት ዕቃ ላይ የተሰራበት አገር ይጻፍ ስትል ኒፖን (ጃፓን በራሳቸው ቋንቋ) ብለው ይጽፉ ነበር፣ በ1921 ደሞ ኒፖን አይሆንም ጃፓን በሉ ተባሉ። ስለዚህ ያንቺ ከ1921 እስከ ጦርነቱ ባለው ጊዜ የተሰራ ይመስለኛል፣ 100 ዓመት ሊሞላም ላይሞላም ይችላል፣ ሻጩ እንዲህ አፉን ሞልቶ መናገር አልነበረበትም።

ሌላ መልስ፦
ስኒዎቹን እኔ ልሞክር። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ጭረት ብቻ ከሆነና ሁለተኛው ከታች ትንሽ አራት ማዕዘን ካለው ኩታኒ ነው የሚለው፣ ጃፓን ውስጥ ኢሺካዋ በሚባል አካባቢ የሚሰራ የሸክላ ዕቃ። አገር አለመጻፉ አያስደንግጥሽ፣ እዛው ጃፓን ውስጥ ለሚሸጥ ዕቃ ማን አገር ይጽፋል። 5 መሆናቸውም ሙሉ ነው! እዛ የሻይ ስኒ በ5 በ5 ነው የሚሸጠው፣ የጎደለሽ የለም።

ጠያቂ፦
ኧረ ተባረኩ! አሁን አየሁት፣ በትክክል ሁለት ጭረት ነው፣ ሁለተኛውም እንዳላችሁት ነው። ታዲያ ስኒዎቹ አሮጌ ናቸው ማለት ነው?

ሌላ መልስ፦
በጽሁፉ ብቻ አይታወቅም፣ ኩታኒ ዛሬም ይሰራል። በማጉያ መነጽር ስዕሉን እይው፣ እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩሽ ህትመት ነው፣ የብሩሽ መስመር ወፈር ቀጠን እያለ ከሄደ የእጅ ስራ ነው። ብርሃን ላይም አንሺው፣ ፖርሰሊን ከሆነና ስስ ከሆነ የጣትሽ ጥላ በወዲያ በኩል ይታያል። የማንቆርቆሪያውንም ማህተም ደግመሽ እይው፣ በጉንጉኑ መሃል ኤም ሳይሆን የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ ያለባቸው አስመስለው የተሰሩ አሉ። ወርቅ ቅብ ካለው ደሞ ማይክሮዌቭ ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቢው።