የክዊኑ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን፦ ቀላል የሚመስል አጨዋወት ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

ጥያቄ፦ ከጀማሪ ቤዝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝ ጊታር መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። አስተማሪዬ ለልምምድ ከሰጡኝ ሥራዎች መካከል ብዙዎቹ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የክዊን ዘፈኖች ስለሆኑ፣ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ስለነበረው ስለ ጆን ዲከን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውየው መድረክ ላይ ከድራሙ አጠገብ ቆሞ ሥራውን ብቻ የሚሠራ፣ የማይዘፍን፣ በአንድ አልበም ላይ ከአንድና ከሁለት ዘፈን በላይ እምብዛም የማይጽፍ፣ 46 ዓመት ሳይሞላው ከመድረክ የራቀ ሰው ነው። የሚጫወታቸውም ሐረጎች አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናቸው፤ አንዳንዶቹን እኔም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዣቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከእኔ እጅግ የሚልቁ ተጫዋቾች ስሙን በአክብሮት ሲያነሱ እሰማለሁ። ያላስተዋልኩት ነገር ምን ይሆን?

መልስ፦ ከየሸክላ ወዳጅ

መልሱን ለማግኘት ሰውየው ወደ ባንዱ የገባበትን መንገድ ማየት ይረዳል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲከን በ1951 በሌስተር ተወለደ፤ አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነው። በጉርምስናው በአካባቢው ወጣቶች ባንድ ውስጥ ሪትም ጊታር ይጫወት ነበር፤ ወደ ቤዝ የተሻገረው በ1966 የቤዙ ቦታ ክፍት ስለሆነ ነው። ለንደን የሄደውም ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ነበር፤ ከቼልሲ ኮሌጅም በ1971 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ክዊን ሌሎች ቤዝ ተጫዋቾችን ሞክሮ አንዱም ሳይረጋለት ቀርቶ ነበርና የ19 ዓመቱን ዲከንን ተቀበለ። ከአራቱ በመጨረሻ የገባውም፣ በዕድሜ ትንሹም እርሱ ነው።

ባንዱን እስቲ ያስቡት። ፍሬዲ መርኩሪ ፒያኖ ፊት ቢቀመጥም ቆሞ ቢዘፍንም ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ነው። ብራያን ሜይ የጊታር ድምፅ በጊታር ድምፅ ላይ እየደራረበ እንደ ኦርኬስትራ ያስተጋባል፤ ሮጀር ቴይለር ደግሞ ድራሙን ከመምታቱ በላይ ከፍተኛውን የመዘምራን ድምፅ ይይዛል። አራተኛውም ልታይ ልታይ ባይ ቢሆን ኖሮ የዘፈኖቹ መሠረት አይረጋም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዲከን በመርኩሪ ፒያኖና በሜይ ጊታር መካከል የቀረችውን ክፍተት ይፈልግና በዚያች ብቻ ይገባል፤ ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ አንድ አጭር ሐረግ ጣል አድርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለ ድርሰቶቹ ብዛት ያነሱትን በተመለከተ ግን ከውጤታቸው ጋር ቢያዩት መልካም ነው። በ1975 ለባለቤቱ የጻፈው «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»፣ በ1980 በአሜሪካ የአንደኝነትን ደረጃ የያዘው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»፣ በ1984 የወጣው «አይ ዋንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ሁሉም የእርሱ ናቸው። ለመጀመሪያው ዘፈን ሲል የኤሌክትሪክ ፒያኖ ተምሮ በቀረጻው ላይ ራሱ ተጫውቷል። በ1989 እና በ1991 የወጡት አልበሞች ደግሞ ድርሰታቸው በአራቱም ስም ስለተመዘገበ፣ በእነዚያ ውስጥ ያለው ድርሻው ለብቻው ተቆጥሮ አይታይም።

መልስ፦ ከአራቱ ክሮች

በቀደመው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ እጁ ነው። ጠያቂው «በጥቂት ቀናት ይዣቸዋለሁ» ያሉት ኖታዎቹን ይመስለኛል። «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ሲጀምር ሁለት ፈጣን ኖታዎች ወደ ታችኛው ኢ (E) ኖታ ያወርዱናል፤ ከዚያ ኢ ሦስት ጊዜ በእኩል ምት ይመታል፤ አራተኛው ምት ላይ ዝም ነው። አብዛኞቻችን ሦስቱን ኖታዎች እንለማመድና ዝምታውን እንዘነጋለን። ኢ በክፍት ክር ሲመታ ማንም ካልያዘው መጮኹን ስለሚቀጥል፣ እጅ በትክክለኛዋ ቅጽበት ተመልሶ ክሩን ማፈን አለበት። ዘገየ ከተባለ ሐረጉ ይጎተታል፤ ከቸኮለ ደግሞ ኖታው ክብደቱን ያጣል። የዚህ ዘፈን ጉልበት ያለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ዲከን የዚህን ሐረግ መነሻ ያገኘው ሺክ ከተባለው የአሜሪካ የዳንስ ሙዚቃ ባንድ መሆኑ ይታወቃል፤ የዳንስ ሙዚቃን ወደ ሮክ ባንድ ይዞ መግባቱ በራሱ ድፍረት ነበር። ዘፈኑ በነጠላ ዜማ እንዲወጣ ከገፋፉት አንዱም ማይክል ጃክሰን ነው።

ስለ ኤሌክትሮኒክስ ትምህርቱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲከን ከቆሻሻ መጣያ ያገኘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ወስዶ በአንድ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ውስጥ በመግጠም በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ሠራ። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ እንኳ የለውም። ብራያን ሜይ ጊታሩን በዚህ ሳጥን ሲሞክረው የቫዮሊንና የመለከት የሚመስሉ ድምፆች አገኘ፤ በ1975ቱ አልበም ላይ «ጉድ ካምፓኒ» በተባለው ዘፈን ውስጥ የጃዝ ባንድ ሆኖ የሚሰማው ጊታር የተቀዳው በዚሁ ነው። እንግዲህ በብራያን ሜይ ስም የምናደንቀው ድምፅ ውስጥ እንኳ የዲከን እጅ አለበት ማለት ነው።

መልስ፦ ከማለዳ

ከመድረክ ስለ መራቁ ጥቂት ልበል፤ ጥያቄው ውስጥ እንደ ጉድለት የተቆጠረ መስሎኛልና። መርኩሪ በኖቬምበር 1991 ሲያርፍ ዲከን 40 ዓመቱ ነበር። በኤፕሪል 1992 በዌምብሌይ በተደረገው የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ ተጫወተ፤ በ1995 የወጣውንና የመርኩሪ ድምፅ ያለበትን የመጨረሻ አልበም ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር አጠናቀቀ፤ በጃንዋሪ 1997 በፓሪስ ከኤልተን ጆን ጋር አንድ ዘፈን ተጫውቶ ከመድረክ ወረደ፤ በዚያው ዓመት አንድ የመታሰቢያ ዘፈን ቀድቶ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ከድምፃውያኑ ከፖል ሮጀርስም ሆነ ከአዳም ላምበርት ጋር ሲዞር አብሮ አልወጣም፤ በ2001 ባንዱ በአሜሪካ የሮክ ዝነኞች መዝገብ ውስጥ ሲገባም አልተገኘም። ድምፃዊው ከሌለ ባንዱ ለእርሱ እንዳበቃ በተግባር ያሳየ ሰው አድርጌ አየዋለሁ። ሜይና ቴይለር የመረጡትንም መንገድ አከብራለሁ፤ የዲከን ግን ልቤን ይነካዋል።

ከጠያቂው፦ ጀማሪ ቤዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ራሴን ቀድቼ አዳመጥኩ፤ ሦስተኛው ኢ በእርግጥ እስከ አራተኛው ምት ድረስ ይጮኻል። በየትኛው እጅ ብይዘው ይሻላል?

መልስ፦ ከአራቱ ክሮች

በሁለቱም ይሞክሩት። የግራ እጅዎን ጣቶች ሳይጫኑ ክሩ ላይ ዘርጋ አድርገው ያሳርፉ፤ ቀኝ እጅዎ ደግሞ ለቀጣዩ ኖታ የሚመታበትን ጣት ቀድሞ ክሩ ላይ ያስቀምጥ። አንድ ጣት ብቻ ቢነካው ክሩ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሊያወጣ ስለሚችል ሁለት ሦስት ጣት ይጠቀሙ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ይጀምሩ፤ አራተኛው ምት ላይ የእግርዎ ምት ብቻ እስኪሰማ ድረስ አይጨምሩ።